በማግስቱ ለምን አልተለያዩም?

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለጀማሪና ለነባር ጨዋታ መሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በረድ እስኪል ጠብቃችሁ መምጣታችሁ ደግ ነው፤ የዛሬው ነገር ላብ እየጠረጉ የሚሰማ አይደለም።

ከቃላት እንጀምር። በአማርኛ «ጨዋታ» መጫወትም ነው፣ ማውራትም ነው። ካርታ የዘረጋውም፣ ደጅ ወጥቶ የሚያወጋውም «እየተጫወትን ነው» ይላል። የሚና ጨዋታ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ስም ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲወጣ መልኩ ይህ ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው፦ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይመልሳሉ፣ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርደዋል። ተራኪውን ጨዋታ መሪ፣ ለወራት የሚዘልቀውን ታሪክ ዘመቻ እንላለን። የገጸ ባሕርያቱን ቡድን ግን ፓርቲ ማለት ከበደን፤ ምርጫ ቦርድ ሄዶ የሚመዘገብ ይመስላል። ድሬ የራሷ ቃል አላት፦ ጀመዓ።

ጨዋታ መሪ ዘመቻ ሊጀምር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጨነቀው «የት ላገናኛቸው?» ብሎ ነው። ጠጅ ቤት? እስር ቤት? መርከብ ላይ? ሳምንት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ይከርምና ጠጅ ቤቱን ይመርጣል። ጥግ ላይ ፊቱን የሸፈነ ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ሽማግሌው «ሥራ አለኝ» ይላል፤ አምስቱ እንግዶች እሺ ይላሉ። እሺ የሚሉት ጨዋታው እንዲጀመርላቸው ስለፈለጉ እንጂ ገጸ ባሕርያቸው ምክንያት ኖሮት አይደለም። ይህ ይሉኝታ ለአንድ ምሽት ይሠራል። በሦስተኛው ምሽት ክፍያው ሲያልቅ ወይም ጠላቱ ሲበረታ አንዱ «የእኔ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል። እውነቱን ነው። ቦታውን ስትመርጡ የከረማችሁበትን ሳምንት ለሌላ ጥያቄ ብታውሉት ይሻል ነበር፦ በማግስቱ ጠዋት ሲነቁ ለምን በየፊናቸው አልሄዱም?

ይህችን ከተማ ተመልከቱ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ከሥር ቀረ። በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፣ አዲሲቱም ከተማ መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ተባለች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመካከሉ ለብዙ ዓመታት ድሬ የሐዲዱ ጫፍ ነበረች፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ከደጋ የወረደውም ሁሉ አንድ ጣቢያ ላይ ይተያያል። ይተያያል እንጂ አይተሳሰርም። ከፉርጎ ወርዶ ሻንጣውን አንስቶ የሚሄድ ሰው ጀመዓ አይወጣውም። መተሳሰሩ የሚመጣው ከጣቢያው በር ውጭ፣ ዕቃው በግመልና በበቅሎ ሲጫን ነው። ወደ መሀል አገር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይሄድም፤ ሽፍታ አለ፣ ኬላ አለ፣ ውኃ የሌለው መንገድ አለ። ከጎኑ ያለውን ሰው ላይወደው ይችላል፤ መንገዱ ሳያልቅ ግን አይለየውም፣ ቢለየው ጭነቱም ነፍሱም አደጋ ላይ ነው።

ለእኛ ሥራ ከሲራራ የሚወሰደው ይህ ነው፦ ማሰሪያ የምንለው ሲበጠስ የሚያስከፍለውን ነው። «የልጅነት ጓደኛሞች ነን» የሚል መልስ ያምራል፤ ነገር ግን ጓደኛ ቻው ብሎ መሄድ ይችላል፣ የሚከፍለው የለም። «የአባታችንን ቤት ካርታ እኔ ይዣለሁ፣ የሣጥኑ ቁልፍ እሱ ጋ ነው» ያለ ተጫዋች ግን ሥራችሁን ግማሽ ጨረሰላችሁ።

እንዲህ ያለው መልስ የሚገኘው ዋዜማ ላይ ነው። ዋዜማ የምንለው ዳይስ ከመጣሉ በፊት ሁሉም ተሰብስቦ ገጸ ባሕርይ የሚሠራበትን ምሽት ነው፤ በሌላው ዓለም ዜሮኛ ሴሽን ይሉታል። ከ12 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ማንም ገጸ ባሕርዩን ቤቱ ጨርሶ አይምጣ። በየቤቱ የተሠራ ገጸ ባሕርይ ሁሉ የራሱ ፊልም ዋና ተዋናይ ነው፤ አምስት ፊልም በአንድ መጋረጃ ላይ አይታይም። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ዓለሙ ተነጋገሩ፣ ከዚያ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሥሩ፤ ለዚህ አንድ ሰዓት ስጧቸው። የሕይወት ታሪክ ከዐሥር መስመር አይብለጥ። ማስጠንቀቂያም አለን፦ ዋዜማን በምርቃና ሰዓት አታድርጉት። በምርቃና የተጻፈ የሕይወት ታሪክ 14 ገጽ ይሆናል፣ ሦስት ንጉሥ ይገቡበታል፣ ምርቃናው ሲሰበር፣ ጨብሲ ላይ፣ ባለቤቱ ራሱ አያስታውሰውም።

ገጸ ባሕርያቱ ሲያልቁ እያንዳንዱ ተጫዋች በቀኙ ከተቀመጠው ጋር አንድ ማሰሪያ ይሥራ። አምስት ሰው ክብ ከተቀመጠ አምስት ማሰሪያ ይወጣል፣ ለያንዳንዱ ሁለት ይደርሰዋል። «ሁሉም ከሁሉም ጋር» ካላችሁ ዐሥር ይሆናል፤ ዐሥሩን ጨዋታ መሪውም አይሸመድደውም። ፊያስኮ የተባለው ጨዋታም ግንኙነትን የሚሠራው ጎን ለጎን በተቀመጡ ሰዎች መካከል ነው፣ ስለዚህ ብልሃቱ የተፈተነ ነው። ማሰሪያው ያላለቀ ጉዳይ ይሁን። «ሕይወቴን አድኖኛል» ካለ ወዲያው ጠይቁት፦ ውለታውን መልሰሃል? ካልመለስክ ምን ብሎ ይጠይቅሃል? «አመሰገንኩት፣ አለቀ» ካለ ማሰሪያው ሞቷል፣ ሌላ ይሥራ።

ከዚያ ለሁሉም በየተራ አንድ ጥያቄ፦ ከዚህ ጀመዓ ብትወጣ ምን ይቀርብሃል? «ምንም» ያለ ሰው ገጸ ባሕርዩን ገና አልጨረሰም። አትቆጡት፤ ዳይሱን ግን አትስጡት።

እዚህ ላይ ዝምተኛው ሽፍታ ይመጣል። በየጠረጴዛው አንድ አይጠፋም፦ ቤተሰቡ ያለቀበት፣ ማንንም የማያምን፣ ጥግ ላይ ቆሞ ጩቤ የሚስል። ብዙ ጨዋታ መሪዎች «ይህን ዓይነት አልቀበልም» ይላሉ። ከመከልከል መጠየቅ ይሻላል፦ ስንቅ ማን ያቀብልሃል? ሽፍታ ብቻውን የኖረበት ዘመን የለም። መንደር ውስጥ እንጀራ የሚልክለት፣ ወታደር ሲመጣ የሚነግረው ሰው አለው። ያ ሰው የሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ይሁን። ተጫዋቹ የሚወደው ዝምታ ሳይነካበት ሆዱ ከጀመዓው ጋር ታሰረ።

ዋዜማ ላይ የማይዘለል ሌላም አለ፤ የማይነካ ነገር ምን እንደሆነ መነጋገር። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ምሳሌው ቅርባችን ነው። ጎርፍ ለመክፈቻ ትዕይንት ይመቻል፣ እንግዶችን አንድ ጣራ ላይ ያወጣል፣ መጽሐፍትም ይመክሩታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደባት ከተማ ግን ጠረጴዛችሁ ላይ የማን ዘመድ እንደሄደ ሳትጠይቁ ጎርፍ አታምጡ። ጥያቄው በግል፣ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰው ፊት የሚመልሰው ሁሉም አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምሽት። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ግን በተደጋጋሚ ይሳታል። አምስት ተጫዋች አላችሁ እንበል፣ ለያንዳንዱ የ15 ደቂቃ መግቢያ ሰጣችሁት። አምስተኛው አፉን እስኪከፍት አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኩን ይነካካል፤ ሁሉም እስኪገናኙ 75 ደቂቃ አለፈ፣ ከሦስት ሰዓት ጨዋታ ግማሹ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ሁሉም በ15 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቦታ ይገኙ፤ የተናጠል ትዕይንት ካለ ለያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፣ ተጫዋቾቻችሁም አምስት ናቸው፣ «እያንዳንዱ በየራሱ በር ይግባ» የሚል ሐሳብ ሊመጣላችሁ ይችላል። ያምራል። ተዉት። ግንቡን ከወደዳችሁት ገልብጡት፦ በሮቹ በሚዘጉበት በድሮው ዘመን፣ መሽቶባቸው አንድ በር ላይ ውጭ የቀሩ አምስት ሰዎች። ጅብ ልታመጡ ካሰባችሁ ደግሞ ማን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እወቁ። የሐረር ልጅ ጅብ ሲያይ ሰይፍ አይመዝም፤ ሥጋ ይፈልጋል። ለውጊያ ያዘጋጃችሁት ትዕይንት ራት ግብዣ ሆኖ ያርፈዋል።

እስቲ አንዱን መክፈቻ እስከ ብሎኑ ፈትተን እንየው። ዘመኑ የዛሬ ነው፤ ሚኒባስ ከድሬ ወደ ሐረር እየወጣች ነው። መናኸሪያው ላይ አትጀምሩ፤ «ሐረር፣ ሐረር» እያለ የሚጣራውን ረዳት መተረክ ደስ ይላል፣ ግን ማንንም አያስተሳስርም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ደንገጎን እንደወጣችሁ ፈታሹ ከጣራ ላይ አንድ ጆንያ አውርዶ፣ የማነው? አለ።» ማንም አይመልስም። ጆንያው ውስጥ 60 ጠገራ ብርና በማይነበብ ፊደል የተጻፈ መዝገብ አለ። ጠገራው አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሆነ ሁሉም አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ደብቆ ሊጭነው ይችላል፣ ስለዚህ ሁሉም ይጠረጠራል። ክብደቱን ማወቃችሁ ይጠቅማል፤ ተጫዋች መጠየቁ አይቀርም።

በር ላይ ሲገቡ ለያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት ሰጥታችኋል። አንዱ ድሬ ላይ ጆንያውን ማን እንደጫነው አይቷል። አንዷ የገመዱን ቋጠሮ ታውቀዋለች፣ የማን እጅ እንደሆነ። አንዱ እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ከማያውቀው ሰው 200 ብር ተቀብሏል። አንዷ አያቷ ቤት እንዲህ ያለ መዝገብ ነበር። አምስተኛው በዚህ ሚኒባስ መሄድ አልነበረበትም፤ ያመለጠው መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ወረቀቶቹ የሚጻፉበት ደንብ አለ፦ አንዱ ብቻውን የትም አያደርስም፣ ሁለቱ ሲገጥሙ አቅጣጫ ይሰጣሉ። ለማውራት ምክንያት አገኙ ማለት ነው። «ጆንያው ያንተ ነው» የሚል ወረቀት ግን ለማንም አትስጡ። ፈታኝ ይመስላል፤ ውጤቱ አራት ለአንድ ነው፣ ያ አንዱ ተጫዋችም የመጀመሪያ ምሽቱን ሲዋሽ ያሳልፋል። ተንኮል መተማመን ኖሮ ሲፈርስ ነው የሚጥመው፤ ገና ያልቆመ ነገር አይፈርስም።

ቋጠሮው የሚጠብቀው ፈታሹ አንድ ወረቀት ላይ አምስት ስም ሲጽፍ ነው። «አለቃው ከነገ ወዲያ ይመለሳሉ። የጆንያውን ባለቤት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እስከዚያ አንዱ ለሌላው ዋስ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ አራቱ ይጠየቃሉ።» ፊርማ። በቃ፣ ጀመዓ ሆኑ። ደብዳቤ ያመጣ ንጉሥ የለም፣ ትንቢት የለም። ዋስትና ምን እንደሆነ ለአበሻ ማስረዳት አያሻም፤ በዋስ ጉዳይ የተቀያየመ ዘመድ የሌለው ማን ነው? እውነተኛ ወረቀት አዘጋጁና ተጫዋቾቹ በገጸ ባሕርያቸው ስም በእጃቸው ይፈርሙ። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። በሁለተኛው ምሽት «እኔ ልሂድ» የሚል ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

ዋስትናው ግን ቀን ተቆርጦለታል። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ቀን ማለት በጠረጴዛው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ነው። ብዙ ዘመቻ የሚሞተው እዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ማሰሪያ ይፈታል፣ ሁለተኛው ገና አልታሰበም። ሁለተኛውን በሁለተኛው ምሽት ዝሩት፣ የመጀመሪያው ገና ጠብቆ ሳለ። የጋራ ንብረት የሚያህል የለም። መሐላ ይረሳል፤ ከአምስቱ የተዋጣባት አሮጌ ፔጆ 404 አትረሳም። ቤንዚን ትፈልጋለች፣ ማቆሚያ ትፈልጋለች፣ ካርቡሬተሯ ይደፈናል፣ ድርሻዬን ልሽጥ ያለም ገዢ አያገኝም። በድግምት ዓለም የምትጫወቱ ከሆነ ፔጆዋን በግመል ወይም በጀልባ ተኩ፤ ብልሃቱ አይለወጥም።

እቁብም በዚሁ መንገድ ይሠራል። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር የሚጥልበት እቁብ፣ ዕጣው 10,000 ብር፤ ሰብሳቢው ተሰወረ፣ ያልደረሳቸው አምስቱ የእናንተ ተጫዋቾች ናቸው። ጥሩ የሚሆነው ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ድክመቱም እሱው ነው፤ ብሩ በተገኘ ሰዓት ተካፍለው ይበተናሉ። ስለዚህ ብሩ ሳይሞላ ይገኝ፣ ወይም ተለውጦ ይገኝ፦ በብሩ ፋንታ የአንድ ሱቅ ቁልፍ።

ከድሮው ሥርዓት ሁለት ነገር ልጨምርላችሁ። አንዱ ቁራኛ ነው። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ በሰንሰለት ተያይዘው ወይም ልብሳቸው ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ነበር። «እኔና እሱ ጠላቶች እንሁን» ብለው ድርቅ ላሉ ሁለት ተጫዋቾች ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ እሺ በሏቸው፣ እጃቸውን እሰሩ፣ ከዚያ ወንዝ አሻግሯቸው። ለሁለት ሰው ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከአንድ ምሽትም አታሳልፉት። አምስቱንም ብታስሩ ለያንዳንዷ እርምጃ ስብሰባ ይጠራል።

ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ሌባው ወይም ገዳዩ እስኪታወቅ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ለምስጢር ዘመቻ ግሩም መነሻ ነው፤ ማንም መውጣት ስለማይችል «የእኔ ሰውዬ ይሄዳል» የሚባል ነገር የለም። የሚበላሸው በወሬ ነው። ተጫዋቾች ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ይሟገታሉ፣ ምሽቱም ያልቃል። ሰዓት አድርጉለት፦ በ40ኛው ደቂቃ ከአጥሩ ውጭ ሁለተኛ ጩኸት ይሰማ፤ ሽማግሌዎቹም ለመንደሩ እንግዳ የሆኑትን አምስቱን ብቻ ሄደው እንዲያዩ ይፍቀዱ። እንግድነታቸው ሥልጣን ሆነላቸው።

እስር ቤት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዕቃውን የተቀማ ተጫዋች ያኮርፋል፣ ማምለጫውም ምሽቱን ይበላዋል። በውጊያ መጀመር ግን ይቻላል፣ ቁጥሩን ካወቃችሁ። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በአምስተኛው እትም አንደኛ ደረጃ ያለ ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ የሕይወት ነጥቡ ከ6 እስከ 13 ነው፤ ጠላት ሃያ ጎኑ ዳይስ ላይ 20 ቢያወጣ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ ስለሚሆን ማንነቱን ሳንሰማ የሚወድቅ ሰው አለ። ለአምስት ተጫዋች ሦስት ደካማ ጠላት ይብቃ፣ በሦስት ዙር እንዲያልቅ አስቡት። የሚጠበቅ ነገርም ይኑር፤ ከጥቃቱ የሚያድኑት ልጅ፣ በቅሎ፣ ጭነት። ለራሳቸው ብቻ የተዋጉ ሰዎች ሲያሸንፉ ይለያያሉ። ልጁን ያዳኑት ግን «ቤቱ ማን ያድርሰው?» ብለው ይቆማሉ። ባለ ሃያ ጎኑ ዳይስ ካጣችሁ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ዐሥር ቁራጭ ወረቀቶችና አንድ ሳንቲም ይበቃሉ፤ ሳንቲሙ በአንበሳው በኩል ካረፈ 10 ጨምሩ። ያወጣችሁትን ወረቀት መመለስ አትርሱ።

ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሱንም እዚሁ እናስገባው። «ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው ቢመጣስ?» ደንቡ አይለወጥም፦ ከሁለት ነባር ገጸ ባሕርያት ጋር አንድ አንድ ማሰሪያ፣ አንዱ በጥሩ፣ አንዱ በቂም። አዲሱ ሰው ጀመዓው አሁን የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ያንን የማይነበብ ፊደል የሚያውቅ፣ ካርቡሬተር የሚጠርግ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ይግባ። «እናንተ እነማን ናችሁ?» የሚለውን ምርመራ ጨዋታ መሪው ራሱ ይቁረጠው፤ ተጫዋቾች ለአዲስ ሰው ፖሊስ መሆን ይወዳሉ።

ሌላው ደግሞ «አንዱ በምሽቱ ሳይመጣ ቢቀርስ?» የሚል ነበር። ተጫዋቹ ቢቀር ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ጠፋ ማለት አትችሉም፣ አራቱ ይጠየቃሉና። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ ታሟል፣ ፔጆዋ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። ውጊያ ቢነሣ አይነካም፣ ሽልማት ቢገኝ ድርሻው ይቀመጥለታል። መኪናዋን የተወ ሰው እሱን ትቶ መሄዱ ስለሆነ አራቱ የትም አይርቁም። ሁለት ምሽት በተከታታይ ከቀረ ደውሉለት፤ ያ የገጸ ባሕርይ ጉዳይ አይደለም።